ከገና እስከ ጥምቀት፦ አዲስ አበባን በጆሮ

[መክፈቻ፦ ክራር ብቻውን፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል]

የዛሬው ዝግጅታችን በገናና በጥምቀት ሰሞን አዲስ አበባን እንዴት መዞር፣ ምን መግዛትና ምን መስማት እንደሚያዋጣ የሚያወጋ ነው። ከክፍለ ሀገር ዘመድ ጥየቃ የምትመጡ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለበዓል የምትገቡ፣ እዚሁ ተወልዳችሁም ከተማዋን በታክሲ መስኮት ብቻ የምታውቋት ሁላችሁም ጠጋ በሉ።

ሰው ከተማ ሊጎበኝ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ካሜራ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ሰሞን አዲስ አበባን በጆሯችሁ ዙሯት እላለሁ። ለዓይን የለመድነው ነገር በየወሩ እየተቀየረ ነው፤ ፒያሳን ከጥቂት ዓመታት በፊት አይቶ የሄደ ሰው ዛሬ ቢመጣ ዶሮ ማነቂያን ፈልጎ አያገኛትም፤ ሰፈሩ ፈርሷል። ድምፁ ግን አለ። የትኛው ገበያ እንደሞቀ፣ በየትኛው ደብር ማሕሌት እንደቆመ፣ ታቦቱ በየት በኩል እየመጣ እንደሆነ ከዓይን በፊት የሚደርስለት ጆሮ ነው። ሬዲዮ ላይ ስለምሠራ ለጆሮ አደላለሁ ብትሉኝ አልከራከርም።

በመጀመሪያ ቀኑን እናጥራ። ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ግን ከዚያ በፊት ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን፣ ልደት አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 28 ይከበራል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ይደገማል። ጥምቀት ከጥር 11 አይነቃነቅም። ነገሩ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ትኬት ቆራጭንም ይመለከታል። በፈረንጅ አቆጣጠር ገና ምንጊዜም ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ይውልና በዘመነ ዮሐንስ ወደ 20 ይገፋል። በዚያ ዓመት መመለሻውን ለጃንዋሪ 20 ጠዋት ያስቆረጠ ሰው ጥምቀትን የሚያከብረው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ ተሰልፎ ነው።

እንግዲህ ከአንዱ በዓል እስከ ሌላው ሁለት ሳምንት አይሞላም። ግዢ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የገናውን ዶሮና በግ ሲሯሯጥ ይሰነብትና፣ ገና ካለፈ በኋላ ልብስ ፍለጋ ይወጣል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት የሰማው ሁሉ በዚያው ሳምንት ሽሮ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ሸማኔው እጁ ሞልቶ፣ ጠላፊዋ ቀጠሮ አልቆባት፣ ነጋዴው ደግሞ የቸኮለ ሰው ከሩቅ የሚያውቅ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ የእኔ ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው፤ የጥምቀቱ ልብስ ከገናው ዶሮ በፊት ይገዛል። የሚታዘዝ ከሆነማ ጾመ ነቢያት ሲገባ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ መነጋገር ነው።

ሽሮ ሜዳ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። ስድስት ኪሎ ላይ ወያላው «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» ሲል ትሰሙታላችሁ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሱቆች ያምራሉ፤ ቀሚሱ ተሰቅሎ፣ ጥበቡ በፀሐይ እያብረቀረቀ። እኔ ግን ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ውስጥ ሰፈሩ እለፉ እላለሁ። እዚያ የሚሠሩት ሸማኔዎች አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ ዶርዜዎች በሙያው አገር ያወቃቸው ናቸው። በር ክፍት ከሆነ ሰላምታ ሰጥታችሁ ቆሙ፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ» ባይ አይጠፋም።

ሸማኔው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይሰዳል። በእግሩ እየረገጠ ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ መወርወሪያውን በተከፈተው ድር መካከል ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ይሰዳል፤ ከዚያ ማጉን ገጭ አድርጎ ያጠብቀዋል። አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑና ስሙ። መደቡን፣ ነጩን ሸማ፣ ሲሠራ ድምፁ ቶሎ ቶሎ ነው፤ እግር፣ መወርወሪያ፣ ምት፣ እግር፣ መወርወሪያ፣ ምት። ጥበቡ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ባለቀለሙን ክር በጣቱ እየቆጠረና እየለቀመ ያስገባል፤ ከዚያ አንዲት ምት ብቻ፤ ከዚያ እንደገና ዝምታ። ጥበቡ ሰፊ የሆነ ቀሚስ ለምን እንደሚወደድ ነጋዴው ሊያስረዳችሁ አይገባም፤ ዋጋው ያ ዝምታ ነው።

[ድምፅ፦ የሸማኔ ዕቃ፤ ፈጣኑ፣ ከዚያ የጥበቡ፤ 20 ሰከንድ]

ይህን ከሰማችሁ በኋላ ሱቅ ግቡ። አሁን በየሱቁ ሁለት ዓይነት ልብስ አለ። አንዱ በእጅ የተሸመነ፣ ሌላው ከውጭ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ጥበብ የታተመበት። ሁለተኛውን መልበስ ነውር የለበትም፤ ይቀላል፣ አይጨማደድም፣ ለሕፃናትም ይመቻል። ነውሩ በአንደኛው ዋጋ መግዛቱ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ገልብጣችሁ እዩት። በእጅ የተሸመነ ከሆነ ባለቀለሙ ክር ከጀርባም አለ፤ ከአበባ ወደ አበባ ሲሻገር ይታያል፤ በጣታችሁ ስታስኬዱበትም ይሻክራል። የታተመ ከሆነ ጀርባው የደበዘዘ ወይም ባዶ ነው። ነጠላ ስትገዙ ሁለት ድርብ መሆኑን፣ ጋቢ ስትገዙ አራት መሆኑን ጠርዙን ለይታችሁ ቁጠሩ። ፈትሉ የእጅ ነው ወይስ የፋብሪካ ብላችሁም ጠይቁ፤ የእጅ ፈትል ውፍረቱ እኩል አይደለም፤ እዚህም እዚያም ቋጠር ይላል፤ ሲለበስ ግን የሚሞቀው እሱ ነው።

የዋጋ ክርክሩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የተጠራውን ዋጋ ሰምቶ መሳቅ አያስፈልግም፤ መቆጣትም እንዲሁ። «እናቴ፣ የመጨረሻውን ንገሪኝ» ብሎ ዝም ማለት ከብዙ ንግግር ይሻላል። ዝም ያለ ገዢ ነጋዴን ያስጨንቃል። ከውጭ የመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ዋጋ ተቆርጦ እስኪያልቅ ወደ ኋላ ቀረት ቢል ያዋጣል።

ወደ ዶሮው እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ የበዓል ዶሮ በየሰፈሩ ይሸጣል፤ የሾላ ገበያ ግን ሌላ ነው። ዶሮው፣ ቅቤው፣ ዕንቁላሉ፣ ሽንኩርቱ፣ ጌሾው፣ ቄጠማው እዚያው በእዚያው ስለሆነ አንድ ጠዋት ይበቃዋል። ከዋዜማው ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ሂዱ። በዋዜማው የምትሄዱ ከሆነ ግን ለጨዋታው እንጂ ለዋጋው አትሂዱ።

ባለፈው ዓመት እዚያ ቆሜ አንዲት እናት ሲገዙ አየሁ። ነጋዴው ወጣት ነው፤ በሁለት እጁ አራት ዶሮ አንጠልጥሏል። «እማማ፣ ይሄን ገብስማ ያዙት፤ በግ ነው በግ!» ይላቸዋል። እሳቸው ወሬውን አልሰሙም። ዶሮውን ተቀብለው በመጀመሪያ ደረቱን ዳበሱ። ቀጥለው ላባውን ከክንፉ ሥር ገልጠው ቆዳውን አዩ። በመጨረሻ ደግሞ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። «ምን እየሰሙ ነው እማማ?» ስላቸው፣ «ትንፋሹን ነዋ ልጄ፤ ሲር ሲር የሚል ከሆነ ታሟል፤ እስከ ነገም አያድር» አሉኝ። ያን ገብስማ መልሰው ሌላ ወሰዱ። የእንስሳት ሐኪሞችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ትንፋሹ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ዶሮ የመተንፈሻ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። ስለ ደረቱ ደግሞ፣ አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት ከወጣ የምትገዙት ላባ ነው። አሥራ ሁለት ብልት ሲወጣ ታዩታላችሁ።

ቅቤ ላይ የሚሰማ ነገር የሚመጣው ቤት ከገባችሁ በኋላ ነው። ሻጩ ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል ብሎ ይለይላችኋል፤ የሸኖ ነው ብሎም ይምላል። ቅቤ ላይ ባዕድ ነገር መቀላቀል የታወቀ ችግር ስለሆነ ከመሐላው ይልቅ አፍንጫችሁን እመኑ። በእጃችሁ ጀርባ ላይ አሽታችሁ አሽትቱት። ከዚያ ጥቂት ብቻ ገዝታችሁ አንጥሩት። ውሃ የበዛበት ከሆነ ድስቱ ውስጥ ሲንጫጫ ከሳሎን ይሰማል፤ ሲጠልል ደግሞ ከታች የሚቀረውን አተላ ታያላችሁ። ደህና ከሆነ ተመልሳችሁ የበዓሉን ግዙ። ለዚህ ነው ቅቤ በዋዜማው የማይገዛው። ምራቂ መጠየቅ አትርሱ፤ ሾላ ላይ ምራቂ ያልጠየቀ ሰው እንግዳ መሆኑ ይታወቅበታል።

በግ ለሚገዛ፣ ወገቡን ተጫኑ፣ ላቱን መዝኑ፣ ጥርሱን እዩ፤ የማታውቁ ከሆነ የሚያውቅ ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። ቅርጫ ለሚገቡት ደግሞ ምክር የለኝም፤ ዕጣ ነው።

መርካቶ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ገበያው ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ዙሪያ ነበር፤ ወደ አሁኑ ቦታ የተወሰደው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በሰሜን–ደቡብ የቀላል ባቡር መስመር ከተሳፈራችሁ ጎጃም በረንዳ ወይም አውቶቡስ ተራ ወርዳችሁ በእግር ትገባላችሁ። እሑድ ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ በሌላ ቀን ይሁን። እውነቱን ለመናገር ለበዓል ግዢ መርካቶ የግድ አይደለም፤ ሸማ ተራም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ለቅመም ግን የሚወዳደረው የለም። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ኮሰረት፣ እርድ፣ እንዲሁም ለበዓል የሚጨሰው ዕጣንና ከርቤ።

ለጆሮ ከሆነ ግን መርካቶ የግድ ነው። ምን አለሽ ተራ ግቡ። በርሜል ሲቀጠቀጥ፣ ቆርቆሮ ሲታጠፍ፣ ማንደጃ ሲበሳ፣ መዶሻው ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ሰው የሚነጋገረው እየጮኸ ነው። ከጀርባ «መንገድ! መንገድ!» የሚል ከሰማችሁ ዞራችሁ ለማየት አትሞክሩ፤ ወደ ጥግ ሂዱ፤ ኩንታል የተሸከመ ሰው ቆሞ አይጠብቅም። ትንሽ ራቅ ስትሉ አንዋር መስጊድና ቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። በጾም ቀን እኩለ ቀን አካባቢ ከቆማችሁ አዛኑንም ቅዳሴውንም በአንድ ጆሮ የምትሰሙበት ቦታ ነው።

ወደ ውጭ ለሚመለሱ አንድ ማስጠንቀቂያ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ቅመም ተጠቅልሎ ይሄዳል። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ግን አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረትን ጨምሮ ብዙ አገሮች ይከለክላሉ፤ እናት ያዘጋጀችው ቋንጣ ጉምሩክ ላይ ሲጣል ማየት ያሳዝናል። ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት የዕደ ጥበብ ሱቆች መስቀል ወይም ብራና ስትገዙም ደረሰኝ ያዙ። የቆየ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ አዲስ የተሠራም ቢሆን አሮጌ የሚመስል ከሆነ ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ መያዝ ከጭቅጭቅ ያድናል።

[ሙዚቃ፦ በገና፤ 30 ሰከንድ]

አሁን የሰማችሁት በገና ነው፤ አሥር አውታር ያለው። ገና እስኪገባ ድረስ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ለሰሞኑ የሚስማማው ይህ ነው። ቤታችሁ ሆናችሁ መስማት ለምትፈልጉ ሁለት ነገር ልጠቁም። አንደኛው የዓለሙ አጋ በገና ነው፤ «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ኅትመት ውስጥ 11ኛው ቅጽ የእሳቸው ነው። ሌላው 21ኛው ቅጽ፣ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ። እማሆይ አዲስ አበባ ተወልደው፣ ብዙ ዓመታት በኢየሩሳሌሙ የኢትዮጵያ ገዳም ኖረው፣ በ2015 ዓ.ም. እዚያው ያረፉ መነኩሴ ናቸው። ዶሮው እየተሠራ፣ ሽንኩርቱ እየተቁላላ፣ ቤቱ ገና ጸጥ ባለበት ምሽት ክፈቱት። ከበዓል ዘፈን ጫጫታ በፊት ጆሮን ያጸዳል።

የልደት ሌሊት ደግሞ ከቤት መውጣት ነው። ሃይማኖታችሁ ሌላ ቢሆንም በአክብሮት ግቢ ውስጥ ቆሞ ከማዳመጥ ማንም አይከለክላችሁም። አራዳ ጊዮርጊስን እመርጣለሁ፤ ከፒያሳ ቅርብ ነው፤ ከዓድዋ ድል በኋላ የታነጸ ካቴድራል ነው፤ ቀን ላይ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ መታሰቢያ ሙዚየም አይታችሁ ማታ እዚያው ልትመለሱ ትችላላችሁ። ነጠላ ልበሱ፤ ቤተ መቅደሱ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ጫማ ይወልቃል፤ ስልክ ይዘጋል።

ማሕሌቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው «ረዘመብኝ» ይላል፤ የሚረዝመው ምን እየሰማ እንደሆነ ሲያጣው ነው። ዜማው ከቅዱስ ያሬድ የወረደ ነው፤ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ የነበረው ሊቅ። ሦስት የዜማ ስልት ትቶልናል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። እነሱን ለመለየት ዓመታት ይፈጃል፤ ዛሬ አትጨነቁበት። በምትኩ አካሄዱን ተከተሉ። አንድ ቃለ ዜማ በመጀመሪያ ቁም ይባላል፤ ምንም መሣሪያ የለም፤ ድምፅ ብቻ። ከዚያ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይዘማል። ከዚያ ከበሮው ይገባል፤ መጀመሪያ ረጋ ብሎ፤ መረግድ ይሉታል። በመጨረሻ ጽፋት ነው፤ ጭብጨባው ይጨመራል፤ ከበሮ መቺው ከበሮውን አንግቶ ተነሥቶ መካከል ይገባል፤ ጸናጽሉ ይፈጥናል። ያው ቃል ነው፤ ግን በቁም የሰማችሁት ሊቅ አሁን ሲያሸበሽብ ታገኙታላችሁ። ይህን አንድ ጊዜ ከጀመረበት እስከ ጨረሰበት የሰማ ሰው ሁለተኛ «ረዘመብኝ» አይልም።

[ድምፅ፦ ከቁም እስከ ጽፋት የአንድ ቃለ ዜማ ቅንጭብ፤ አንድ ደቂቃ]

በነጋታው ከተማው ውስጥ የምትሰሙት ሌላ ነው። በየሱቁ ደጃፍ የቆመው ስፒከር የበዓል ዘፈን ያዘንባል፤ አንዱ ሱቅ ሌላውን ለመብለጥ ስለሚከፍተው ሁለቱንም አትሰሙም። ዘመዶቻችን ያደጉበት የገና ዜማ «አሲና በል አሲና ገናዬ» ነው፤ አውጪና ተቀባይ ያለው፣ የገና ጨዋታ ዘፈን። ጨዋታው ራሱ በቆልማማ ዱላ ሩር እየመቱ የሚሮጡበት ነው። ሁለት ወገን፣ ሰፊ ሜዳ፤ ጌታና ሎሌ የማይለይበት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ቀልድ አልነበረም፤ ሎሌው የጌታውን ቁርጭምጭሚት የሚያገኝበት የዓመቱ ብቸኛ ቀን ነበር። ከተማ ውስጥ ሜዳው እየጠበበ መጥቷል፤ ዛሬ በብዛት የሚታየው በባህል ስፖርት ውድድሮች ላይ ነው። ገጠር ዘመድ ያላችሁ ግን የገና ከሰዓት በኋላን እዚያ ብታሳልፉ አትቆጩም።

በሁለቱ በዓላት መካከል ላሉት ቀናት ስድስት ኪሎን እመክራለሁ። ለአንድ ቀን የሚሆን ሁሉ በእግር መንገድ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። የዜማ መሣሪያዎቹን ክፍል ፈልጉ። በየመንገዱ የምትሰሙት ከበሮ፣ ጸናጽል፣ መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት እዚያ በመስታወት ውስጥ ቁጭ ብሎ ታዩታላችሁ፤ የመሰንቆዋ አንድ ጭራ ያን ሁሉ ወሬ እንዴት እንደምታወራ ቆም ብላችሁ ታስባላችሁ። ወደ አምስት ኪሎ ወረድ ስትሉ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ድንቅነሽ አለች፤ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አፋር ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ቅሪተ አካል። ልጆች ካሉ ከእሷ ጀምሩ፤ ለትልቅ ሰው ግን ገነተ ልዑል ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከዚያው ከስድስት ኪሎ ትንሽ እልፍ ብሎ ታቦታት ለጥምቀት የሚያድሩበት ጃን ሜዳ ነው። በባዶው ቀን ሄዳችሁ እዩት። ሩጫ የሚለማመዱ፣ ኳስ የሚጫወቱ ታገኛላችሁ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የፒያሳው አትክልት ተራ ለጊዜው ወደዚህ ተዛውሮ ስለነበር፣ ለቀጣዩ ጥምቀት ቦታውን አስለቅቆ ማጽዳት የከተማው ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ነበር። ባሕረ ጥምቀቱ የት እንዳለ፣ መግቢያና መውጫው በየት እንደሆነ አስቀድማችሁ ካወቃችሁ በጥምቀት ዋዜማ፣ በከተራ ዕለት፣ ሰው ሲሞላ አትደናገጡም።

ከተራ ጥር 10 ነው። ከቀትር በኋላ ታቦታት ከየደብራቸው ይወጣሉ። መኪና አትያዙ፤ መንገዱ ይዘጋል፤ አራት ኪሎ ወይም ከዚያ በፊት ወርዳችሁ በእግራችሁ ውጡ። ገንዘብና ስልክ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይሁን። ቦታ ስትይዙ ዓይናችሁ ጃንጥላ ፍለጋ አይድከም፤ ጆሯችሁን አቁሙ። በመጀመሪያ ከሩቅ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ከበሮ ይመጣል። ቀጥሎ ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች ጩኸት፤ ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ጠቅልለው ወደ ፊት እየሮጡ መልሰው ይዘረጉታል። ከዚያ እልልታው ከመንገዱ ማዶ ይነሣና ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ ወደ እናንተ ይቀርባል። እልልታው አጠገባችሁ ሲደርስ ቀና በሉ፤ ታቦቱ እዚያ ነው። ይህ በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ዓለም ያወቀው ቀለሙን ነው፤ በጆሮ ግን ገና በደንብ አልተጎበኘም።

ከታቦቱ ኋላ ያለውን አትለፉት። ማሕሌቱ ካለፈ በኋላ የሚመጣው የየአገሩ ጭፈራ ነው። የጎጃሙ እስክስታ፣ የጉራጌው፣ የወላይታው፣ ሁሉም የራሱን ክበብ ሠርቶ ይጨፍራል። ዶርዜዎቹን ፈልጉ። አብዛኛውን የሰሜን ደጋ ዘፈናችንን አንድ ሰው ያወጣል፣ ሌላው በአንድ ድምፅ ይቀበላል። ዶርዜዎች እንዲህ አይዘፍኑም፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ድምፅ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን መስመር ይዞ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ እየወጣ ይሄዳል። ሽሮ ሜዳ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ጥበብ ሲለቅም ያያችሁት ሰው ምናልባት እዚያ ክበብ ውስጥ ይሆናል፤ የለበሰውን ገልብጣችሁ ማየት ግን አይፈቀድም።

ጃን ሜዳ ለሚያድሩ፣ የጥር ሌሊት ብርዱ ቀላል አይደለም፤ የገዛችሁት ጋቢ ሥራውን የሚጀምረው ያን ሌሊት ነው። ንጋት ላይ ጸሎቱ ደርሶ ውሃው ይባረካል፣ ምእመኑ ላይም ይረጫል። ስልካችሁን በላስቲክ ጠቅልሉት። ረፋዱ ላይ ታቦታቱ መመለስ ይጀምራሉ። የሚካኤል ታቦት ግን ያን ቀን አይመለስም፤ አንድ ሌሊት አድሮ ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ፣ ይገባል። በጥር 11 ግፊያ የተማረራችሁ ወይም ሕፃን የያዛችሁ ከሆነ የምመክራችሁ ይህንን ቀን ነው። ሰው ይሳሳል፤ ዝማሬው ግን አይቀንስም። ጎንደር ፋሲለደስን፣ በገና ደግሞ ላሊበላን የሚመርጥ ሰው መብቱ ነው፤ ለእነሱ ሌላ ዝግጅት ያስፈልጋል።

ሽሮ ሜዳ ከጥር 12 በኋላ ግርግሩ ይበርዳል። ነጋዴውም ለወሬ፣ ሸማኔውም ለትእዛዝ ጊዜ ያገኛል። ለፋሲካ ወይም ለሠርግ ልብስ የምታስቡ በዚያ ሳምንት ሂዱ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ሠርግ ልብስ ከአንድ ጠላፊ ጋር እንነጋገራለን፤ ጥያቄ ካላችሁ አድርሱን። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።

[መዝጊያ፦ የ«አሲና በል» ዜማ በመሰንቆ፤ ያለ ድምፅ]